የእንግሊዝ ቆንስላ የዳኝነት ሥልጣን በኢትዮጵያ

የቆንስላ የዳኝነት ሥልጣን ማለት አንድ መንግሥት በሌላ አገር የሚኖሩ ዜጎቹን በዚያው አገር በተቀመጠው ቆንስላው አማካይነት፣ በራሱ ሕግ የሚዳኝበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የውጭ አገር ሰው ቢበደር፣ ቢካሰስ ወይም ወንጀል ቢሠራ የሚጠየቀው በሚኖርበት አገር ዳኛ ፊት ሳይሆን በአገሩ ቆንስላ ፊት ነበር። እንግሊዝ ይህን ሥልጣን በኦቶማን ቱርክ፣ በቻይና፣ በጃፓን፣ በሲያም (ታይላንድ)፣ በዛንዚባርና በሌሎችም አገሮች ሠርታበታለች። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በ1842 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1849) በራስ አሊ ውል ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው ግን ከ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) በኋላ ነው። የቀረውም ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በተደረጉት የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነቶች ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የአውሮፓው አቆጣጠር «እ.ኤ.አ.» በሚል ምልክት ተለይቷል።

የሥርዓቱ አመጣጥ

ሥርዓቱ የተስፋፋው የኦቶማን ሱልጣኖች ለአውሮፓ ነጋዴዎች ከሰጧቸው የንግድ ፈቃዶች ነው። እንግሊዝ ከሱልጣኑ ያገኘችው መብት በ1667 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1675) የመጨረሻ ቅርጹን ያዘ። በመጀመሪያ ፈቃዱ እንግዳ ነጋዴ በእምነቱና በልማዱ እንዲተዳደር የተሰጠ ቸርነት ነበር። የአውሮፓ ኃይል እየበረታ ሲሄድ ግን ቸርነቱ ግዴታ ሆነ፤ ሱልጣኑም ሊነሣው የማይችለው መብት ሆኖ ቀረ።

በእንግሊዝ በኩል የሥልጣኑ የሕግ መሠረት ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1843 ያወጣውና በ1890 የተሻሻለው በውጭ አገር ስለሚኖር የዳኝነት ሥልጣን የሚደነግገው ሕግ ነው። ንጉሡ በዚህ ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ አገር ልዩ ትእዛዝ ያወጣ ነበር። ትእዛዙ የትኛው ቆንስላ ዳኛ እንደሚሆን፣ እስከ ምን ድረስ መቅጣት እንደሚችል፣ ይግባኝ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። ስለዚህ ሥልጣኑ ሁለት እግር ነበረው ማለት ይቻላል፦ አንዱ ከአገሩ ባለቤት ጋር የተደረገ ውል፣ ሁለተኛው የእንግሊዝ የራሷ ሕግ ነው። ያለ ውሉ ግን ሕጉ ብቻውን የሌላ አገር መሬት ላይ ሊቆም አይችልም።

በመርከቦች ላይ የነበረው ሥልጣን

በመርከብና በመርከበኞች ላይ ቆንስላ የሚኖረው ሥልጣን ከዚህ የተለየ ነው። መርከብ ባንዲራዋን የምታውለበልበውን አገር ሕግ ይዛ ትጓዛለች ስለሚባል፣ ቆንስላ ፍርድ ቤት በሌለበት ወደብ እንኳ ቆንስላው በአገሩ መርከቦች ላይ የሚሠራው ሥራ ነበረው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣችው የንግድ መርከብ ሕግ መሠረት ቆንስላው፦

- በውጭ ወደብ መርከበኛ ሲቀጠርና ሲሰናበት ይመዘግባል፤
- መርከበኞች በካፒቴኑ ላይ የሚያቀርቡትን አቤቱታ ይሰማል፤
- በጉዞ ላይ የሞተ መርከበኛ ንብረትና ደመወዝ ይረከባል፤
- በውጭ አገር የተቸገረ መርከበኛ ወደ አገሩ እንዲመለስ ያደርጋል፤
- መርከብ ስትሰበር ወይም ከባድ በደል ሲፈጸም የባሕር ጉዳይ ችሎት ይጠራል።

በዚህ ችሎት ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች ይቀመጡ ነበር። እነርሱም ከባሕር ኃይል መኮንኖች፣ ከቆንስላዎች፣ ከንግድ መርከብ ካፒቴኖችና ከእንግሊዝ ነጋዴዎች መካከል ይመረጣሉ። ችሎቱ ካፒቴንን ከሥራው ለማንሣት ይችል ነበር።

በቀይ ባሕር ዳርቻ ምጽዋ ከ1549 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኦቶማን እጅ ስለ ነበረች፣ በዚያ የተቀመጠ የእንግሊዝ ቆንስላ በወደቡ ላይ የሚኖረው መብት ከኢትዮጵያ ነገሥታት ሳይሆን ከሱልጣኑ የመጣ ነው። ይኸው ቆንስላ ወደ ደጋው ወጥቶ ሥልጣን እንዲኖረው ከፈለገ ግን ከኢትዮጵያ ገዥዎች ጋር ሌላ ውል መዋዋል ነበረበት።

የራስ አሊ ውል

ዋልተር ፕላውደን በ1840 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1848) በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ ተሾመ። በጥቅምት 1842 ዓ.ም.፣ በጎንደር ነገሥታት ስም አገሩን ያስተዳድሩ ከነበሩት ከየጁው ራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ውሉ 17ኛ አንቀጹ ላይ በኢትዮጵያ የሚኖሩ የእንግሊዝ ዜጎችን የመዳኘት ሥልጣን ለቆንስላው ሰጠ።

ፕላውደን ራሱ እንደ ጻፈው፣ ራስ አሊ ውሉን ክፉ ነገር የለውም ብለው ቢቀበሉትም፣ አገሩ እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ሳለ በ10 ዓመት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ይመጣል ብለው እንደማያስቡ ነግረውታል። ነገሩም እንዳሉት ሆነ። ውሉ የሚዳኘው ሰው ስላልነበረ አንቀጹ ከወረቀት አላለፈም።

የዓፄ ቴዎድሮስ እምቢታ

ዓፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) ከነገሡ በኋላ ፕላውደን ያንኑ ውል ከአዲሱ ንጉሥ ጋር ለማደስ ሞከረ። ንጉሡ ለወዳጅነቱና ለንግዱ ፊታቸውን አላዞሩም፤ የቆንስላውን የዳኝነት አንቀጽ ግን አልተቀበሉም። በእርሳቸው ግዛት ከእርሳቸው ሌላ ዳኛ ሊኖር አይገባም የሚል አቋም ነበራቸው። በአገሩ ልማድ ንጉሥ የመጨረሻው ዳኛ ነው፤ የተበደለ ሁሉ የሚጮኸው ወደ ንጉሥ ነው። ለእንግዳ ሰው ዳኝነትን ማካፈል ከዙፋኑ ማካፈል ሆኖ ይታይ ነበር።

ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ተወግቶ ሞተ። በእርሱ ቦታ የመጣው ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን ከንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈ ደብዳቤ ተቀብሎ ላከ፤ ደብዳቤው ግን መልስ አጣ። በዚህና ቆንስላው ወደ ግብፅ ይዞታ ወደ ሱዳን ጠረፍ በመጓዙ የተቆጡት ዓፄ ቴዎድሮስ በጥር 1856 ዓ.ም. አሰሩት። የካሜሮን እስር በቀጥታ ከዳኝነት አንቀጹ ክርክር የመጣ አይደለም። ቢሆንም የነበረውን እውነታ ያሳያል፦ ዳኛ ይሁን ተብሎ የተጠየቀለት ቆንስላ ራሱ በንጉሡ ፈቃድ የሚታሰር ሰው ነበር። ጉዳዩ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነትና በንጉሡ ሞት ተፈጸመ። ከዚያም የእንግሊዝ ጦር አገሩን ለቆ ወጣ፤ ስለ ቆንስላ ዳኝነትም የተደረገ አዲስ ውል አልነበረም።

ከአድዋ በኋላ የተደረጉ ውሎች

ከአድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በግንቦት 1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1897) ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ። ውሉ ስለ ሶማሌ ወሰን፣ ስለ ዘይላና ሐረር የንግድ መንገድ፣ ስለ ቀረጥ ሲናገር የቆንስላ ፍርድ ቤት አላቆመም። በተከታዩ ዓመት ጆን ሐሪንግተን በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ወኪል ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ቆንስላዎች በሐረር፣ በጎሬ፣ በማጂ፣ በሜጋና በዳንግላ ተከፈቱ። በዳንግላ ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ጣናንና ዓባይን በማጥናቱ ይበልጥ ይታወቃል።

የክሎቡኮቭስኪ ውል

የቆንስላ ዳኝነት በኢትዮጵያ ሕጋዊ መልክ የያዘው ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ውል ሳይሆን ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ነው። የፈረንሳዩ መልእክተኛ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1908) ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ኢትዮጵያ በጅቡቲ በኩል የጦር መሣሪያ ለማስገባት የሚያስችላትን መብት ስታገኝ፣ በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ተወሰነባት፤ በ7ኛው አንቀጽም የዳኝነት ሥልጣኗን በከፊል ተወች።

የ7ኛው አንቀጽ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦

- ሁለቱም ተከራካሪዎች ፈረንሳውያን ወይም በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሲሆኑ፣ የወንጀልም ሆነ የፍትሐ ብሔር ጉዳያቸውን የሚያየው የፈረንሳይ ቆንስላ ነው።
- አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ሌላው ፈረንሳዊ ሲሆን ጉዳዩ በልዩ ቦታ በሚያስችል ኢትዮጵያዊ ዳኛ ይታያል፤ ቆንስላው ወይም ተወካዩ አብሮት ይቀመጣል።
- ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ ይፈረዳል።
- ኢትዮጵያዊው ዳኛና ቆንስላው ካልተስማሙ መዝገቡ ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይቀርባል፤ በዚያ የተሰጠው ፍርድ የመጨረሻ ነው።

አንቀጹ የጊዜ ገደብ ባይኖረውም ሁኔታ ነበረው፤ ሥርዓቱ የሚጸናው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ነው ይላል። በቀጣዮቹ 30 ዓመታት የተደረገው ክርክር ሁሉ ከዚህች አንዲት ሐረግ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። ሕጉ መስማማቱን ማን ይመሰክራል የሚለው በውሉ አልተጻፈምና።

ሥልጣኑ ወደ እንግሊዝ የተላለፈበት መንገድ

ሌሎች መንግሥታት ከኢትዮጵያ ጋር ባደረጓቸው ውሎች ለአንዱ የተሰጠ ጥቅም ለሌላውም እንዲሰጥ የሚያደርግ ቃል ነበረ። እንግሊዝ፣ ጣሊያን፣ ጀርመን፣ አሜሪካና ሌሎችም በዚሁ መንገድ ለፈረንሳይ የተፈቀደው ዳኝነት ለእነርሱም ይገባል አሉ። ስለዚህ አንድ ውል በአንድ ጊዜ ለብዙ መንግሥታት በር ከፈተ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ኢትዮጵያ ልዩ የንጉሥ ትእዛዝ አውጥታ ፍርድ ቤቷን አደራጀች።

በእንግሊዝ ቆንስላ ሥር ይዳኙ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ከእንግሊዝ አገር የመጡ አልነበሩም። ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ሙያተኞች፣ የኤደን ዓረቦች፣ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ የመጡ ሶማሌዎች፣ እንዲሁም የቆጵሮስና የማልታ ተወላጆች ሁሉ የእንግሊዝ ዜጋ ወይም ጥገኛ ይባሉ ነበር። በአዲስ አበባና በሐረር ስሙ የገነነው የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት የዚሁ ማኅበረሰብ ነበር። በአገሩ ሌጋሲዮን የሌለው እንግዳ ደግሞ በአንዱ ኃያል መንግሥት ጥበቃ ሥር ለመግባት ይጥር ነበር፤ የጥበቃ ወረቀት ማግኘት ዳኛን መምረጥ ነበርና።

ልዩ ፍርድ ቤት

ኢትዮጵያዊና የውጭ አገር ሰው የሚካሰሱበት ችሎት «ልዩ ፍርድ ቤት» ተባለ። ስሙ በውሉ ውስጥ «በልዩ ቦታ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ በ1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1922) ገደማ በደንብ ተደራጀ። ከዳኞቹ መካከል ኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይገኙበታል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይረዳል። ከአርሲ ደጋ ቆዳ አምጥቶ ለአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ በዱቤ የሸጠ ሰው ገንዘቡን ቢከለከል፣ በአርሲ ወዳለው ዳኛ ሄዶ ነጋዴውን ማስቀረብ አይችልም። ወደ ልዩ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። በዚያም ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጎን የተከሳሹ አገር ቆንስላ ተቀምጦ ያገኛል። ተከሳሹ የእንግሊዝ ዜጋ ስለሆነ ጉዳዩ የሚመዘነው ከሳሹ በማያውቀው በእንግሊዝ ሕግ ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ነጋዴው ባለ ቆዳውን ቢከስ ችሎቱ ያው ሆኖ ሕጉ የኢትዮጵያ ይሆናል። ሁለት ሕንዳውያን ነጋዴዎች እርስ በርስ ቢካሰሱ ግን ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ፈጽሞ አይደርስም፤ ቆንስላው ብቻውን ይፈርዳል።

የሥርዓቱ ትልቅ ጉድለት የቆንስላው ድርብ ሥራ ነው። ቆንስላ የተላከው የወገኖቹን ጥቅም ለማስከበር ነው፤ በችሎት ሲቀመጥ ግን በወገኑና በባላጋራው መካከል ሚዛን እንዲይዝ ይጠበቃል። በሌላ በኩል የውጭ አገር ሰዎች በበኩላቸው የተጻፈ የወንጀልና የንግድ ሕግ አለመኖሩን፣ የዳኝነቱ ሥራ ከአስተዳደሩ አለመለየቱንና የእስር ቤቶቹን ሁኔታ እያነሡ ሥርዓቱን ይደግፉ ነበር።

ጋምቤላ፦ የመርከብ ጣቢያ

ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን የባሕር በር ስላልነበራት፣ የእንግሊዝ ሥልጣንና የመርከብ ጉዳይ የተገናኙት በባሕር ዳርቻ ሳይሆን በባሮ ወንዝ ላይ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ስለ ሱዳን ወሰን በተደረገው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥት አከራዩ። ርዝመቱ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራም እንዳይውል ተወሰነ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር።

ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭኑ ነበር። በጣቢያው የተቀመጠው የሱዳን መንግሥት ሹም እንግሊዛዊ ነበር። ይህ የቆንስላ ዳኝነት ሳይሆን የመሬት ኪራይ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም አንድ ጠባይ አላቸው፦ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የሌላ መንግሥት ሹም ሥርዓት ያስከብራል። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ሁኔታ አበቃና ጋምቤላ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ሥልጣኑን ለማስመለስ የተደረገ ጥረት

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን፣ ኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የ7ኛው አንቀጽ ሁኔታ እንዲፈጸም ሠሩ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1923) የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በ1923 ዓ.ም. አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ወስደዋል። ጃፓን ደግሞ ሕጎቿን አሻሽላ እ.ኤ.አ. በ1899 የውጭ ቆንስላዎችን ዳኝነት ያስቀረች አገር ነበረች። ቱርክም እ.ኤ.አ. በ1923 በሎዛን ውል ከዚሁ ሥርዓት ወጥታለች። ለኢትዮጵያ ግን ሌጋሲዮኖቹ ሥልጣናቸውን ሳይለቁ የ1928 ዓ.ም. ወረራ ደረሰ። በጣሊያን አገዛዝ ልዩ ፍርድ ቤቱም የቆንስላ ችሎቶቹም ተቋረጡ።

የ1934 እና የ1937 ዓ.ም. ስምምነቶች

ከነፃነት በኋላ ጥያቄው በአዲስ መልክ ተነሣ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1942) በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች እንዲዳኙ ተወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶቹን ከጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት እስከ ወረዳ ድረስ በደረጃ አደራጀ። የቆንስላ ችሎት አልተመለሰም። በምትኩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንግሊዛውያን ዳኞች እንዲቀመጡ፣ የውጭ አገር ሰውም ጉዳዩ ከእነርሱ አንዱ ባለበት ችሎት እንዲታይለት የመጠየቅ መብት እንዲኖረው ተደረገ። የእንግሊዝ ጦር አባላት ግን በወታደራዊው ውል ከኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ውጭ ነበሩ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቆንስላው በችሎት ሲቀመጥ የሚፈርደው በራሱ መንግሥት ስም ነበር፤ በ1934ቱ ስምምነት የተቀመጠው እንግሊዛዊ ዳኛ ግን በንጉሠ ነገሥቱ ተሹሞ በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ይፈርዳል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1944) የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ደግሞ «እንግሊዛውያን ዳኞች» የሚለውን ቃል በሌሎች አገሮች የዳኝነት ልምድ ባላቸው ዳኞች ተካው። የእንግሊዝ ዜጋ ተከራካሪ ከእንዲህ ያለው ዳኛ አንዱ በችሎቱ እንዲገኝ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ዳኛው ግን የግድ የእርሱ አገር ሰው መሆን አልነበረበትም። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ሕጎቿን በሙሉ ጻፈች። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር፣ የንግድና የባሕር ሕጎች በ1952 ዓ.ም. ታወጁ። ክሎቡኮቭስኪ «እስኪስማማ ድረስ» ያለው ሥራ የተሟላው በእርግጥ በእነዚህ ሕጎች ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሥልጣኑ ከተመለሰ ዓመታት አልፈው ነበር።

የለውጡ ምልክት ከዋና ከተማው ውጭም ይታያል። በ1959 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1967) በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋምና የስዊድን ባለሙያዎች በአርሲ ደጋ መሥራት ሲጀምሩ፣ ሁኔታቸው የተወሰነው ሁለቱ መንግሥታት በተዋዋሉት ስምምነት እንጂ በቆንስላ ፍርድ ቤት አልነበረም።

ዛሬ ያለው ሁኔታ

ዛሬ የቆንስላን ሥራ የሚገልጸው ዋና ዓለም አቀፍ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1963 በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ነው። በ5ኛው አንቀጽ ቆንስላ ለዜጎቹ ፓስፖርት ይሰጣል፣ ሰነድ ያረጋግጣል፣ የአገሩን ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦችን ይረዳል፣ ስለ ጉዟቸውም ቃል ይቀበላል። በ36ኛው አንቀጽ የታሰረ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ቆንስላውም ሊጎበኘውና ጠበቃ ሊያፈላልግለት ይችላል። ሊፈርድለት ወይም ሊፈርድበት ግን አይችልም።

ይህ ልዩነት በጂዳ፣ በቤይሩት ወይም በዱባይ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በእነዚህ ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያ ቆንስላዎች የታሰረን ሰው ይጠይቃሉ፣ የጉዞ ሰነድ ይሰጣሉ፣ ከአሠሪ ጋር ለማስታረቅ ይሞክራሉ፤ ዳኛው ግን የአገሩ ዳኛ ነው። የንግድ መርከቦችም እንዲሁ ናቸው። በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) በተመሠረተው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ሥር የተሰማሩት መርከቦች በውጭ ወደብ ሲቆሙ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዘው የወደቡን አገር ሕግ ያከብራሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን አንዱ ወገን ብቻ የያዘው መብት ዛሬ ለሁሉም እኩል የሆነ፣ ነገር ግን ጠበብ ያለ ሥራ ሆኗል።